ዝንጅብሉን የወደደው ማን ነበር?

ኢድሪሴ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። ያንተን ጤና ምን ብዬ እንደምጠይቅ ግን ቸገረኝ። ሕመም የማይደርስበት ቦታ እንዳለህ ስለማምን እሱን ልተወውና የኛን ልንገርህ። እኔም እናትህም አለን። አሁን «ደህና ነን» ብዬ ብጽፍልህ ውሸት አይሆንብኝም። አምና ብጽፍልህ ኖሮ ይሆን ነበር፤ እስከ ዛሬ ዝም ያልኩህም ለዚህ ነው።

አንተ ከሄድክ በኋላ ማንጎው ሁለት ጊዜ ደርሷል። የለቅሶው ድንኳን የተተከለው ከግቢያችን ማንጎ ሥር ስለነበር ፍሬው ሸራው ላይ ዱብ ባለ ቁጥር ለቀስተኛው ሁሉ ቀና ይል እንደነበር ትዝ ይለኛል። ያኔ ያ ድምፅ በጣም ያናድደኝ ነበር። ሰው እያለቀሰ ዛፍ ምን አቀበጠው እል ነበር። ዘንድሮ ዛፉ ከአምናው ብሶ ተሸክሟል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ዘይነባ አጥር ዘንበል ስላለ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው በእሳቸው በኩል የወደቀውን ሁሉ የራሳቸው አድርገውታል። ከተማው አንተ የተውከው ነው። ሚያዝያ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ መብራት ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል።

ቤት ውስጥ ግን አንድ የተለወጠ ነገር አለ። ፍሪጃችን ይሠራል።

አዎ፣ ያው ፍሪጅ። አሶሳ ውስጥ አንተ ያልነካኸው ፍሪጅ የለም፤ ከሱዳን በኩርሙክ በኩል የገባውንም፣ ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣውንም ስታስነሣ ኖረሃል። የራስህ ቤት ፍሪጅ ግን ቁም ሳጥን ሆኖ ቀረ። «ነገ እሠራዋለሁ» እያልክ ሸሚዞችህን ከላይ ደረደርክበት፤ እኔም የደንበኞቼን ጨርቅ ከታች፣ ክርና ቁልፌን ደግሞ በበረዶ መሥሪያው ፕላስቲክ ጉድጓዶች ውስጥ በየቀለሙ ለይቼ አስቀመጥኩ። ቀሚስ ሊለኩ የመጡ ሴቶች ልብሳቸውን ከፍሪጅ ሳወጣላቸው እንዴት ያዩኝ እንደነበር ታስታውሳለህ። አንተ ደግሞ ከኋላዬ ቆመህ «ጨርቁ እንዳይበላሽ ነው» ትላቸው ነበር።

የሥራ ጓደኛህ ታደሰ፣ አብራችሁ የከፈታችሁትን ሱቅ አሁን ብቻውን የያዘው፣ አምና ክረምቱ ሲወጣ የዕቃ ሳጥኑን ይዞ መጣ። ሸሚዞችህን አንድ በአንድ አውጥቶ፣ እያጣጠፈ አልጋው ላይ አኖራቸው። ከዚያ ኮምፕሬሰሩን ቀየረ፣ ጋዝ ሞላ፣ ላብ በላብ ሆኖ ዋለበት። ሞተሩ ሲነሣ ወደ ጓሮ ዞሮ ፊቱን ሲጠርግ አየሁት። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ነው የሄደው።

ያ ቀን ከልብስ ስፌት መኪናዬ ሌላ ድምፅ ቤታችን ውስጥ የተሰማበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ምክንያቱን ላንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። እናትህ እማ ሐዋ አማርኛቸው ትንሽ ነው፤ እኔ፣ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሰዎች ልጅ፣ በእናንተ ቋንቋ በበርታኛ ከሰላምታ አላልፍም። በመካከላችን አንተ ነበርክ። እሳቸው ይናገራሉ፣ አንተ ትነግረኛለህ፤ እኔ እመልሳለሁ፣ አንተ ትነግራቸዋለህ። በሠርጋችን ማግሥት ወገባቸውን ይዘው፣ ጣታቸውን እያወዛወዙ ረጅም ንግግር ሲያደርጉ ዞር ብለህ «እንኳን ደህና መጣሽ ትላለች» ያልከኝ ጊዜ ትንሽ ጠርጥሬህ ነበር። ያ ሁሉ እጅ መወዛወዝ ለአንድ እንኳን ደህና መጣሽ መሆኑ ገርሞኝ ነበር። ግን ፈገግ ብለህ ስለነበር አመንኩህ።

አንተ ስትሄድ ሁለታችንም ዲዳ ሆንን። ምግብ አቀርባለሁ፣ ይበላሉ፣ «ሹክራን» ብለው ያመሰግኑኛል፣ ሳህኑን አነሣለሁ። ማታ እሳቸው ሶላታቸውን ሰግደው ይተኛሉ፤ እኔ በስፌት ላይ አፈጣለሁ። አንዱን ሰው በሁለት ቋንቋ ስናለቅስ፣ አንዳችን ለሌላችን አንዲት ቃል መወርወር አቃተን።

ወንድምህ ዑመርም ይህን አይቶ ነው መሰለኝ፣ በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከሚኖርበት ከሆሞሻ መልእክት ላከ። ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው መጥቶ እናቱን እንደሚወስድ ነገረኝ። በክፋት አይደለም፤ ዑመርን ታውቀዋለህ። እናት በሕይወት ካለ ልጇ ጋር መኖሯ ወግ ነው። ኢድሪስ፣ እኔ ምን ብዬ እከለክላለሁ? ልጅ ኖሮን ቢሆን የልጅ ልጅዎን ጥለው አይሂዱ እል ነበር። ልጅ የለን። በሥጋ ዝምድና ቢቆጠር እኔና እናትህ ምንም ነን። እማ ሐዋም መልእክቱን እንደሰሙ ልብሳቸውን በአንድ ሻሽ ቋጥረው አልጋቸው ግርጌ አስቀመጡት። ቤቱን ስጠርግ ያን ቋጠሮ ላለመንካት ዙሪያውን ብቻ ጠርጌ አልፍ ነበር። እሳቸው ከሄዱ እዚህ ከተማ ውስጥ አንተን «ልጄ» ብሎ የሚጠራ አፍ አይኖርም፤ እኔም በባዶ ቤት የቀረሁ ልብስ ሰፊ መሆኔ ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል ቡና ቀርቶ ነበር። መጀመሪያ ላይ አፍልቼ ነበር፣ አንተ እንዳስለመድከኝ ዝንጅብሉን አድቅቄ ጨምሬ፤ «እናቴ ያለ ዝንጅብል ቡና አይሆንላትም» ስትለኝ አይደል የኖርከው? እማ ሐዋ አንድ ጊዜ ፉት ብለው አስቀመጡት። እኔም ያለ አንተ ትኩሱ አልወርድ አለኝ። አንተ ከእሳት የወረደውን ካልጠጣህ ቡና የማይመስልህ ሰው ነበርክ፤ ትንሽ ለብ ካለ «ይኼ ለእግር መታጠቢያ ነው» ብለህ ትመልሰው ነበር። ሲኒው ሲጨስ ሳይ አንተን እያየሁ ስለሚመስለኝ ጀበናውን ከመደርደሪያው ጥግ ገፋሁት።

እና አሁን የምነግርህን ብትሰማ ታብዳለህ። ቀዝቃዛ ቡና መሥራት ጀምሬያለሁ። በበረዶ የተፈጨ፣ ወተት ያለበት፣ አረፋው ከብርጭቆው አፍ የሚወጣ።

የጀመረው አንዲት ሙሽራ የሠርግ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ ሙቀቱ ሲያዝላት ነው። ስልኳን አውጥታ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ እያየች «ይኼን ያገኘ» ብላ ተመኘች። እኔም ፍሪጁን አየሁት፣ የሠርግ ስጦታችንን የጁስ መፍጫም አየሁት፤ ከማንጎ ሌላ ነገር ነክቶ አያውቅም። ምን ይሳነኛል አልኩ። ቡና አፈላሁ፣ እንደ ፈላ መፍጫው ውስጥ ገለበጥኩት፣ ክዳኑን ገጥሜ ማብሪያውን ተጫንኩት።

ትኩስ ነገር ተከድኖ ሲፈጭ እንፋሎቱ መውጫ እንደሚፈልግ አንተ ብትኖር ትነግረኝ ነበር። ክዳኑ ተስፈንጥሮ ቡናው ኮርኒስ ላይ ወጣ። አሁንም ምልክቱ አለ፤ አልቀባሁትም። የሙሽራዋ ቀሚስ በሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ አላህ ጠብቆት አንዲት ጠብታ አልነካችውም። ሙሽራዋ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀሚሷን በየቀኑ እየመጣች ታየው ነበር፤ አልፈርድባትም።

በሌላ ቀን ቡናውን አቀዝቅዤ፣ በሳህን የሠራሁትን በረዶ ሰብሬ ጨምሬ ፈጨሁት። በረዶው ሟሙቶ ያንን የመሰለ ቡና የጀበና እጣቢ አስመሰለው። ስኳሩም በቀዝቃዛው አልሟሟ ብሎ ከታች ተኝቶ ቀረ። በሌላ ጊዜ ደግሞ አተላው ሳይሰክን ስለቀዳሁ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ኮሸሸ። የኋላ ኋላ ነው መላው የገባኝ። ቁልፎቼን ከበረዶ መሥሪያው አራገፍኩና ቡናውን ራሱን አፍስሼ በረዶ አደረግኩት። እንዲህ ከሆነ ቢሟሟም ቡና ነው የሚሆነው። ስኳሩን በትኩስነቱ አሟሟለሁ፤ ወተቱን አፍልቼ አቀዘቅዛለሁ፤ መፍጫው ውስጥ ወተቱን አስቀድሜ የቡናውን በረዶ አስከትላለሁ፣ አለበለዚያ ምላጩ በበረዶ ተይዞ ሞተሩ ይጮኻል። ደግሞ አጥብቄ አልይዘውም፤ ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ። ያንተ ሙያ ትንሽ የተጋባብኝ ይመስለኛል።

አምሮ የወጣ ቀን የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእማ ሐዋ ወሰድኩ። ለእሳቸው ብዬ ዝንጅብሉን በደንብ አድርጌበት ነበር። በእጃቸው ሰጥቼ ደንበኛ ላነጋግር ወጣሁ። ስመለስ ከሰል ምድጃው ተያይዟል። ቡናዬ በትንሽ ድስት ተጥዷል። እማ ሐዋ ቁጢጥ ብለው በማንኪያ እያማሰሉ፣ ከአንገታቸው ቀና ብለው በሐዘኔታ ዓይን አዩኝና «ሶፊያ፣ ቡና ሞተ። እሳት ጨምር» አሉኝ።

በሐዘን ብዛት ቡና ማፍላት የረሳሁ መስሏቸዋል! ሰው ሳያይ፣ ሳያማኝ፣ ደብቀው ሊያተርፉልኝ ነበር። ቆሜ አየኋቸውና ሳቄ መጣ። ልይዘው ብል አልቻልኩም፤ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። እሳቸው መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ እኔን አይተው ሳቁ፣ ቀጥሎ ሁለታችንም በሳቁ መሀል ማልቀስ ጀመርን። አረፋው በድስቱ ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው። አንተ ከሄድክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን የሳቅነውም አብረን ያለቀስነውም ያን ቀን ነው።

እንዴት እንደምሠራው በእጄ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። ብርጭቆውን ጉንጫቸው ላይ ለጠፍ አድርገው «ባሪድ» አሉ። በዐረብኛ ቀዝቃዛ ማለት ነው አይደል? ስሙ በዚያው ጸና፤ ዛሬ በሰፈሩ ሁሉ «የሶፊያ ባሪድ» ነው የሚባለው።

እትዬ ዘይነባን ግን ባሪድ ብዬ ሳይሆን በአማርኛ ጠራኋቸው። በአጥሩ በኩል «እትዬ፣ የበረደ ቡና አለ፣ ኑ» ብዬ ተጣራሁ። ምን እንዳልኩ ያወቅሁት መልሳቸውን ስሰማ ነው። በኛ ሰው ዘንድ ቡናው በረደ ማለት ያለ እናንተ ጠጣን፣ ቀረባችሁ ማለት ነው። እሳቸውም «ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩሽ? እኔ ለበረደ ቡና የምጠራ ሰው ነኝ?» ብለው በራቸውን ዘጉ። የወደቀ ማንጎ እንኳ ለመልቀም አልወጡም። በጾሙ ወቅት ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ ብርጭቆውን ራሴ ተሸክሜ ሄጄ እስካቀመስኳቸው ድረስ አኩርፈው ነበር። አሁን በየቀኑ ብርጭቆአቸውን ይዘው የሚመጡት እሳቸው ናቸው፤ ያውም ስኳር ጨምሪበት እያሉ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። እስካሁን ያልኩህ ለዚህ መንገድ ጠረጋ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ለባሪዱ ዝንጅብል እየወቀጥኩ ሳለ እማ ሐዋ ሙቀጫውን በእጃቸው ከደኑት። «ለማን?» አሉኝ። ለእርስዎ ነው አልኳቸው። ዓይናቸውን አፈጠጡ። «ለእኔ? እኔ ዝንጅብል አልወድም። ኢድሪስ አለ፣ ሶፊያ ይወዳል።» ለእሳቸው ሴትም ወንድም፣ ትልቅም ትንሽም አንድ ነው፤ እኔንም፣ እትዬ ዘይነባንም፣ ዶሮዋንም «አንተ» ነው የሚሉት። ስለዚህ መጀመሪያ የሰማሁትን ተጠራጠርኩ። ደገሙልኝ። ሶፊያ ያለ ዝንጅብል አይጠጣም ብለሃቸዋል፤ ምራቴን ላስደስት ብለው ከአሥር ዓመት በላይ ፊታቸውን ሳያጨማድዱ ጠጥተዋል። እኔም ያን ሁሉ ዘመን ጉሮሮዬ እየተቃጠለ የጠጣሁት ለእሳቸው ብዬ ነው።

ኢድሪስ! አንተ ሌባ! ዝንጅብሉን የምትወደው አንተ ብቻ ነበርክ።

ሁለታችንም እንደገባን ተያየን። እማ ሐዋ እጃቸውን አጨበጨቡ፣ «ወላሂ፣ ወላሂ» አሉ፤ ሙቀጫውን ይዘው ወጥተው ዝንጅብሉን ለዶሮዋ በተኑላት። ዶሮዋም አልነካችውም። ያን ቀን የጠጣነው ባሪድ ወተትና ቡና ብቻ ነበር፤ ቡና እንዲህ እንደሚጣፍጥ ረስቼው ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ መብራት ካለ፣ ባሪዳችንን ይዘን ማንጎው ሥር ተቀምጠን ያንተን ትርጉም ማረም ጀመርን። ሥራዬ ብለን ያዝነው። መብራት ሲጠፋ እንኳ በረዶውን በጨርቅ ጠቅልለን በዘነዘና እየሰባበርን፣ ወተቱን ከነቡናው በውሃ ፕላስቲክ ውስጥ እየናጥን ተቀምጠናል። እሳቸው በተሰበረ አማርኛ፣ እኔ በእጄና በዓይኔ። የሠርጋችን ማግሥት ንግግር ምን እንደነበር ታውቃለህ አይደል? ይቺ ልጅ ቀጭን ናት፣ በደንብ አብላት፣ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች፣ ራሴን አመመኝ! አንተ ያንን እንኳን ደህና መጣሽ አደረግከው። ገንፎዬ ጨው በዛበት ሲሉህ «እጅሽ ይባረክ ትላለች» አልከኝ፤ እኔም ጨው እየጨመርኩ ሄድኩ። እኔ ጫማቸውን ደጅ እንዲያወልቁ ስለምንህ ለእሳቸው ደግሞ «እግርሽ ደክሟል፣ ጫማ አውልቀሽ እረፊ ትላለች» ብለሃቸዋል። በዚያ ምክንያት ለእግሬ የምታስብ ምራት እያሉ ሆሞሻ ድረስ አሞግሰውኛል። እያንዳንዷን ባገኘን ቁጥር አንተን እንሰድባለን፤ ስድቡም እንደ ምርቃት ይጣፍጠናል።

አንድ ነገር ደግሞ ልበልህ፣ አትዘንብኝ። ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ «ቀስ እያለ ይበርድልሻል» ሲለኝ እጠላው ነበር። ሐዘኔ ከበረደ አንተም የበረድክ፣ ከቤቴ የወጣህ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ አጥብቄ ያዝኩት፤ እያቃጠለኝም ያዝኩት። አሁን ግን በርዶልኛል ብል አላፍርም። በረደልኝ እንጂ አልቀነስክብኝም። እንዲያውም ስቃጠል ሳለሁ የሞትክበት ሳምንት ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ አሁን ፊትህን ሙሉውን አየዋለሁ።

ዑመር ባለፈው ጁምዓ መጣ። ቋጠሮው አልጋው ግርጌ እንዳለ ነው። ስለ ትርጉምህ ያን ሁሉ ስንስቅ ስለ መሄድ ግን አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም፤ እኔ ፈርቼ፣ እሳቸው ምን አስበው እንደሆነ አላውቅም። ባሪድ አቀረብኩለት፣ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። እሱና እናቱ በበርታኛ ረጅም አወሩ። ኢድሪስ ሲሉ እሰማለሁ፣ ሶፊያ ሲሉ እሰማለሁ፣ ሌላው ያልፈኛል። ያን ዕለት በርታኛ ባለመማሬ እንደተቆጨሁ ተቆጭቼ አላውቅም። እጄ ሥራ አጥቶ የቀሚሴን ጫፍ እየተረተርኩ እንደነበር ያየሁት በኋላ ነው።

ከዚያ እማ ሐዋ ወደ እኔ ዞሩ። ዑመር ሊያስተረጉም አፉን ሲከፍት እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። «ሶፊያ» አሉኝ፣ «እኔ እዚህ መጣሁ፣ ባል ሞተ፣ ያኔ። ኢድሪስ አለ፣ ሶፊያ ይላል፣ እናት አትሂድ፣ ቤት ያለ እናት ባዶ ነው ይላል። እኔ ለዚህ ቀረሁ። እውነት ነው? አንተ አለ?»

ኢድሪስ፣ ያን ጊዜ ምን እንዳልኩህ አንተም ታውቃለህ። ወፍጮ ቤት ልሄድ ነበርና ምን ያህል እህል እንደምወስድ ለማወቅ «እናትህ ስንት ቀን ይቀመጣሉ?» ብዬ ነበር የጠየቅሁህ። ሌላ ምንም አላልኩም። ይኼንን ወስደህ ነው «አትሂድ» ያደረግከው። እሳቸውም ባዶ እጃቸውን የመጡት ሴት፣ በወሩ ዕቃቸውን አስመጥተው ከእኛ ጋር የኖሩት በኔ ቃል መስሏቸው ነው።

አዎ ብል ይበቃ ነበር። ያንተን ውሸት ማስቀጠል ቀላል ነበር፤ ለእሳቸውም ደስ ይላቸው ነበር። ግን በሙቀጫው ላይ እጃቸውን ከከደኑበት ቀን ጀምሮ በመካከላችን ያበጀነው ነገር ይበላሽብኛል ብዬ ፈራሁ። «አላልኩም» አልኳቸው። «ስንት ቀን ይቀመጣሉ ነው ያልኩት። ለእህል።» ዑመር አንገቱን ደፋ። እማ ሐዋ ፊታቸው ጭልም አለ። ከዚያ አንቱታውም ጠፋብኝ፣ ወጉም ጠፋብኝ፣ እሳቸው እንደሚናገሩት አድርጌ፣ ቃሉን አንድ በአንድ አስቀምጬ ተናገርኩ። «ያኔ አላልኩም። ዛሬ እኔ እላለሁ። ኢድሪስ አይደለም፣ እኔ። አትሂጂ።»

ብርጭቆአቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ከሆዳቸው የመጣ ሳቅ ሳቁ። «ለእህል!» አሉ፣ «ለእህል!» ጉልበታቸውን እየመቱ። ወደ ዑመር ዞረው በበርታኛ አንድ ሁለት ነገር ተናገሩ፤ ዑመርም ራሱን ነቀነቀ፣ ብርጭቆውን አንሥቶ የቀረውን ጨለጠ። ምን እንዳሉት በዓይኔ ጠየቅኋቸው። ገና የተነገረን የበርታኛ ንግግር ለእኔ ሲተረጉሙ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ቃሉን እየፈለጉ፣ ጣታቸውን እያነሡ ነገሩኝ። «እኔ አልኩት፣ ሶፊያ ብቻውን ነው። እኔ ብቻውን ነው። ሁለት ብቻ፣ አንድ ቤት። አንተ ለጉብኝት ና አልኩት።» ዑመር በአማርኛ «ልክ እንደሱ ነው ያለችው፣ አልጨመረችም» አለኝ። ትርጉማቸው እንዳንተ ትርጉም አለመሆኑን ለእኔ መመስከሩ ነው።

ቋጠሮውን ያን ቀን ራሳቸው ፈቱት። ልብሳቸውን መልሰው ሲያስቀምጡ ስለ ልጅነትህ ነገሩኝ። ከብት ጥበቃ ስትሄድ የውሃ ቅልህን ወንዝ ዳር እርጥብ አሸዋ ውስጥ ትቀብረው እንደነበር፣ ቀትር ላይ አውጥተህ ቀዝቃዛውን ውሃ ለሌሎቹ ልጆች እያካፈልክ አንተ ግን ሳትጠጣ ታያቸው እንደነበር። እኔ ይኼንን አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት አንድ አልጋ ተኝተን አንድ ቀን አልነገርከኝም። እኔም በተራዬ፣ በመጨረሻው ሳምንት ሕመሙ ሲያይልብህ እሳቸው እንዳይሰሙ ጥርስህን ነክሰህ እንዴት እንደቻልከው ነገርኳቸው። እሳቸው ይኼንን አያውቁም ነበር። እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ ቃል እገባልሃለሁ። እናትህ የሚያውቁት አንተ ከእኔ ጋር ከመገናኘትህ በፊት የነበርከውን ነው፤ እኔ የማውቀው ለእሳቸው ያልታየኸውን ነው። ለየብቻ ብንሆን እያንዳንዳችን ግማሽህን ይዘን እንቀር ነበር። አሁን አንድ ቤት አለን፤ እሳቸው የጎደለኝን ይሞሉልኛል፣ እኔም የጎደላቸውን። ሳናሳምርህ፣ ሳንጨምርብህ፣ እንደነበርክ አድርገን እናስታውስሃለን። በርታኛም መማር ጀምሬያለሁ። እማ ሐዋ አነጋገሬ ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ይኼንን ደግሞ ያለማንም አስተርጓሚ፣ ፊት ለፊት ነው የሚነግሩኝ።

ሚስትህ ሶፊያ